ነዋሪ ሰው ነው

በመጋቢት ወር ሁለት ሺህ ስልሳ ስድስት ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ ዘለቀ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ የቤታቸው በር ዘገየባቸው። ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰከንድ ከሩብ ቢሆን ነው። ሌላ ሰው ልብም አይለው። አቶ ዘለቀ ግን ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ሲግናል ተቆጣጣሪ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰከንድ መቁጠሩ አልለቀቃቸውም።

«ሄራን፣ ይሄ በር ሊያስገባኝ አልፈለገም» አሉ ጫማቸውን እያወለቁ።

ልጃቸው ሄራን ለሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን እያነገተች ነበር። «አርጅቶ ይሆናል፣ አባዬ።»

«አላረጀም። ትናንት አንቺ ስትገቢ ቆጥሬዋለሁ፤ እግርሽ ደጃፉን ሳይረግጥ ነው የከፈተልሽ። እኔ ስመጣ ግን ያስባል።»

«በር አያስብም እኮ።»

«ሲግናልም አያስብም። ግን ሲግናል ከዘገየ ከፊት ባቡር አለ ማለት ነው።»

ሄራን ስቃ ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። በር ቢያረጅ ለሁሉም ነው የሚያረጀው። አንድ ሰከንድ ከሩብ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአዲስ ሜዳ ከተማ አልነበረም።

በአዲስ ሜዳ አርባ አንድ ሺህ ሰው ይኖራል። ቁልፍ የሚይዝ የለም። በሩ፣ አውቶቡሱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የክሊኒኩ ወረፋ፣ ሁሉም ሰው ሲመጣ «ይፈቀድለታል ወይ?» ብለው ከተማዋን ይጠይቃሉ። ከተማዋም ትመልሳለች። ሰዉ ለምዶታል፤ በሩ ፊት ፊቱን ቀና አድርጎ መቆም ልጆች ገና በእግራቸው መሄድ ሳይጀምሩ የሚማሩት ነገር ነው። ጥያቄውም መልሱም የሚጻፈው «ደንብ» በምትባል አጭር የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ቃላቷ አማርኛ ናቸው።

ደንብ መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ ብቻ ነበረች። ለአቶ እገሌ በሩን ክፈት፣ ለወይዘሮ እገሊት ውሃውን ልቀቅ፣ እየተባለ ለእያንዳንዱ ሰው ይጻፍ ነበር። አንድ ሰው በሞተና አንድ ሕፃን በተወለደ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ይሰበራል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሄራንን ቀጥረው «ሥርዓት አበጂላት» አሏት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀባት። የሠራችው ነገር መደብ ይባላል።

መደብ ማለት እንዲህ ነው። ለአርባ አንድ ሺህ ሰው አርባ አንድ ሺህ ጊዜ ከመጻፍ «ነዋሪ» የሚባል አንድ መደብ ይጻፋል። በሩ ለነዋሪ ከተፈቀደ፣ ነዋሪ ለሆነ ሁሉ ተፈቀደ። ከነዋሪ በላይ ደግሞ «ሰው» የሚባል መደብ አለ፤ ለሰው የተሰጠውን ነዋሪ ይወርሳል። ይህን ውርስ የሚያስተላልፈው ቃል «ነው» ነበር። «ዘለቀ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ሰው ነው።» በቃ። ያንን ቃል ለመምረጥ ሄራን አንድ ክረምት ሙሉ አስባለች። አባቷ ያኔ ሰምተው «ነው ማለት ከባድ ነገር ነው። ዳኛ እንኳ ከማለቱ በፊት ምስክር ይሰማል» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ቃሏን ወዳዋለች።

በሩ ሲጠይቅ መልሱ የሚፈለገው ከታች ወደ ላይ ነው። ከዘለቀ ወደ ነዋሪ፣ ከነዋሪ ወደ ሰው፤ ሰው ጋ ሳይደርስ መልስ አይሰጥም። እያንዳንዱ እርከን የተጠየቀውን መዝገብ ላይ ስለሚያሰፍር ጊዜ ይወስዳል። የአንድ እርከን ጊዜ አንድ ሰከንድ ከሩብ ነው።

በአባቷና በነዋሪ መካከል የሆነ ሰው አንድ እርከን ጨምሯል ማለት ነው።

ቢሮ እንደገባች ኮቷን ሳታወልቅ የአባቷን መዝገብ ከፈተች። ሦስት መስመር ነበር።

ዘለቀ ቀሪ ነው። ቀሪ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ሰው ነው።

«ቀሪ» የሚባል መደብ አታውቅም። ከፈተችው። ውስጡ ምንም የለም፤ አንድም ፈቃድ፣ አንድም ክልከላ። በሥሩ የተጻፉትን ሰዎች ቆጠረች፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት። ሽማግሌ ብቻ እንዳይባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት በሽተኛ ሴት አለችበት። ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። እግሩ የተቆረጠ የቀድሞ መምህር አለ። ምን እንደሚያገናኛቸው እስኪገባት ረፋዱ አለፈ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት በአንዳቸውም ስም ሥራ አልተመዘገበም።

ቀና ስትል ኢዮስያስ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ እያያት ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ዞረ፤ የተከፈተውንም ነገር ዘጋው።

ኢዮስያስ በታኅሣሥ ወር ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ዝምተኛ ሰው ነው። በቢሮው ከእሷ በቀር መደብ መጻፍ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እሷ ስታልፍ ማያውን ይዘጋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሳይበላ ይወጣል፤ ሲመለስ የት እንደነበረ አይናገርም። ሄራን እስከዚያ ቀን ዓይን አፋር ነው እያለች ታልፈው ነበር። አሁን ግን ሁሉ ነገር ሌላ መልክ ያዘ።

ለእሱ ምንም ሳትለው ወደ ኃላፊያቸው ወደ አቶ መርዕድ ገባች።

አቶ መርዕድ ሰምተው አልደነገጡም። የሄራንን ልብ ያሻከረውም ይኸው ነበር።

«ባዶ ነው አይደል?» አሉ።

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ባዶ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

«ጎተራ የሚሠራ ሰው እህል እየጠበቀ ነው፣ አቶ መርዕድ።»

አቶ መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት። «አባትሽ አሉበት መሰለኝ» አሉ። ማን እንደነገራቸው አላወቀችም፤ እሷ አልነገረቻቸውም። «እሳቸው ከሆኑ የሚያሳስቡሽ አውጪያቸው። አንድ መስመር ነው። እኔ አላየሁም።»

ሄራን አመስግና ወጣች። ለምን እንዳመሰገነች በኋላ ስታስበው አፈረች።

ምሳ ሰዓት ላይ ኢዮስያስ ጃኬቱን አንሥቶ ሲወጣ ተከተለችው። በዋናው መንገድ ሄዶ ክሊኒኩ ጋ ሲደርስ ከበሩ ትይዩ ካለ አጥር ተደግፎ ቆመ። ከኪሱ የወረቀት ደብተር አወጣ። በአዲስ ሜዳ የወረቀት ደብተር የያዘ ሰው ካየች ዓመታት አልፈዋል። ሰው ወደ ክሊኒኩ በገባ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ይጽፋል።

ከኋላው ቀረበችና «ምንድን ነው የምትቆጥረው?» አለችው።

ደብተሩ ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ የሠራሽውን» አለ።

«እኔ ምን ሠራሁ?»

«አታውቂም? ከኔ ትደብቂያለሽ?» ወደ እሷ ዞረ። «ቀሪን የፈቀደው ፊርማ ያንቺ ነው እኮ! ጥር አሥራ ሰባት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። እህቴ አለችበት። አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው። ከቤት ወደ ክሊኒክ ስወስዳት አውቶቡሱም ክሊኒኩም እያሰቡ ነው የሚያስገቧት።»

ሄራን ጥር አሥራ ሰባት ትዝ አላት። አንድ መቶ አርባ ትንንሽ ለውጥ በአንድ ጥቅል መጥቶላት ነበር፤ የፊደል ማስተካከያ፣ የቀን አቆጣጠር፣ የመሳሰለው። ስልክ እያናገረች ከላይ እስከ ታች አጽድቃዋለች። ከመካከላቸው «አንድ ባዶ መደብ መጨመር» የሚል ይኖር እንደሆነ አታስታውስም። ይኖራል። አላነበበችውም።

«ማን ነው የጠየቀው?» አለች በመጨረሻ።

«ጠያቂ የሚለው ቦታ ላይ የሰው ስም የለም። ‹ከበላይ› ይላል።» ደብተሩን አንሥቶ አቧራውን አራገፈ። «ሁለት ወር ሙሉ አጠገብሽ እየዋልኩ እንዳታውቂብኝ ስፈራሽ ከረምኩ።»

«እኔም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አንተን።»

አንዳቸውም አልሳቁም። ተመልሰው ሲሄዱም ጎን ለጎን ነበሩ እንጂ ገና አልተማመኑም። እሱ ደብተሩን በብብቱ ይዞት ነበር፤ እሷም ከአቶ መርዕድ ጋር የተነጋገረችውን አልነገረችውም።

ጠረጴዛዋ ጋ ስትቀመጥ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የአባቷን መስመር መክፈት ነበር። «ዘለቀ ነዋሪ ነው» ብላ ጻፈች። ማስገባት ብቻ ቀራት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። አባቷ ነገ ጠዋት ዳቦአቸውን ይዘው ሲመጡ በሩ ወዲያው ይከፈትላቸዋል፤ «ባቡሩ አለፈ» ይላሉ፤ ነገሩ ያበቃል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠች አላወቀችም።

«እህቴንስ?» አለ ኢዮስያስ ከጎኗ፣ ቀስ ብሎ። ሲያያት ኖሯል።

ሄራን የጻፈችውን አጠፋች።

«ሁሉንም ብናወጣቸው ነገ መልሰው ይጽፏቸዋል» አለችው። «ቀሪን ማጥፋት ደግሞ የምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ታዲያ?»

«ማጥፋት አልችልም። ማን ከማን እንደሚወርስ ማስተካከል ግን ሥራዬ ነው። ጥገና ይባላል።»

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሦስቱን ሰዎች ወደ ነዋሪ መለሰቻቸው። ከዚያ ቀሪን ከነዋሪ ሥር ነቅላ ከነዋሪ በላይ ተከለችው። አሁን እንዲህ ሆነ፤ ነዋሪ ቀሪ ነው። ቀሪ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ቀሪ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በከተማዋ ነዋሪ ሁሉ ላይ ይወርዳል።

ኢዮስያስ ማያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አንቺም ቀሪ ሆንሽ» አለ።

«አንተም። አቶ መርዕድም። ከንቲባውም። ባዶ ነው ተብለናል፤ ባዶ ከሆነ ማንንም አይጎዳም።»

በዚያው ከሰዓት የአዲስ ሜዳ በሮች ሁሉ መዘግየት ጀመሩ። ሰዉ ተነጫነጨ፤ በር ጠጋኞች ሥራ በዛባቸው። አቶ መርዕድ በማግስቱ ጠዋት በቢሮው በር ላይ አንድ ሰከንድ ከሩብ ቆሙ፤ ሲገቡ ሄራንን አዩዋትና ወደ ክፍላቸው አለፉ። ቀኑን ሙሉ ጠበቀቻቸው። አልጠሯትም። ሁለተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ቀን እንዲሁ። ዝምታው ከቁጣ ይልቅ አስጨነቃት። ያውቃሉ እንዳትል፣ ቢያውቁ ይመልሱት ነበር። አያውቁም እንዳትል፣ ያን ጠዋት ያዩዋት አስተያየት ምን ነበር? ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ኢዮስያስ ውሃ ሊቀዳ ሲነሣ እንኳ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኗ ትከተላለች።

ቤት ውስጥም አልቀለላትም። «ዛሬ በሩ አንቺም ስትመጪ አሰበ» አሏት አባቷ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው።

«አዎ።»

«የምታውቂው ነገር አለ?»

«አባዬ፣ ደክሞኛል» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። አባቷ ከኋላዋ ሲያዩአት ተሰማት።

በሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ቀሪ ውስጥ አንድ መስመር ጻፈ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የጻፈው ሰው መደቡ የት እንደተተከለ ለማየት አልተጨነቀም። ወዲያው በአርባ አንድ ሺህ ሰው ስልክ ላይ ይህ መልእክት ደረሰ፦

«የመኖሪያ ፈቃድዎ ከዛሬ ጀምሮ ዘጠና ቀን ነው። ለማሳደስ የሥራ ማስረጃ ያቅርቡ። ማስረጃ የሌላቸው ከከተማው ክልል ውጭ በተዘጋጀው ማረፊያ ይስተናገዳሉ።»

ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከምድጃቸው፣ መምህራኑ ከክፍላቸው፣ ሐኪሞቹ ከታማሚ ፊት ደረሳቸው። ከንቲባው ፀጉራቸውን እየተቆረጡ እንደነበር ፀጉር ቆራጩ በኋላ ተናግሯል፤ ግማሹን ትተው ወጡ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰዉ መንገድ ላይ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ መግባት ያልቻለው በመስኮት ተንጠለጠለ።

ከንቲባው መድረክ ላይ ወጡ። ግማሽ ፀጉራቸው ተከርክሟል፣ ግማሹ ቀርቷል፤ ያን ቀን ግን የሳቀ የለም።

«ወገኖቼ፣ የቴክኒክ ስህተት ነው» አሉ። «ተረጋጉ። መልእክቱ ለሁላችሁም የታሰበ አልነበረም።»

ከፊት ረድፍ እትዬ ሻሼ ተነሡ። እትዬ ሻሼ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተው ዓይናቸው ሲደክም ያቆሙ ሴት ናቸው።

«ታዲያ ለማን ነበር የታሰበው?» አሉ።

ከንቲባው ወደ አቶ መርዕድ ዞሩ። አቶ መርዕድ ከመድረኩ ጎን ቆመው ጫማቸውን ያያሉ።

ሄራን ተነሣች። ሁሉንም ተናገረች፤ ስለ ቀሪ፣ ስለ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሦስቱ ሰዎች፣ ነዋሪን ከቀሪ ሥር እንዴት እንዳስገባች። ሳታነብ የፈረመችውንም አልደበቀችም። የአባቷን መስመር ጽፋ ማጥፋቷንም ጨመረች። ስትጨርስ ሰዉ ያጨበጭባል ብላ አልጠበቀችም፤ ግን እፎይታ ቢጤ ጠብቃ ነበር።

የመጣው ሌላ ነው። ከመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ «እንግዲያው አንቺ ቁጭ ብለሽ በሁለት መስመር ከተማውን ሁሉ ካገላበጥሽ፣ ባለፈው አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ምን አድርገሽናል?» አለ።

«ምንም!» አለች ሄራን።

«ማን ያውቃል?» አለ ሌላው። «ራሷ ናት ምስክሯ?» አለ ሦስተኛው። ጉምጉምታው ከፍ አለ። ሄራን በሰዉ መካከል አባቷን በዓይኗ ፈለገች። አቶ ዘለቀ ከኋላ ረድፍ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ሽማግሌ ናቸውና ሰዉ ዝም አለላቸው።

«ልጄ ናት» አሉ። «ክፉ ሆና አላውቃትም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ጠይቄያት ደክሞኛል ብላኛለች። እኔም እንደናንተ ነኝ። ምን እንደጻፈች አላውቅም።»

ሄራን ከዚያ ቀን በፊት አባቷን ስታፍር እንጂ ሲያሳፍሯት አታስታውስም። አንገቷን ደፋች። ቢሆንም ስህተት ፈልጋ አላገኘችባቸውም።

«ይፈረድባት አላልንም» አሉ እትዬ ሻሼ። «በአማርኛ ነው የተጻፈው አይደል? ይነበብልን። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ፣ ሁላችንም እየሰማን። ያልገባን ላይ ይቆማል።»

«እትዬ፣ ዘጠኝ ሺህ መስመር ነው» አለች ሄራን።

«ታዲያ የት ልትሄጂ ነው?»

የዘጠና ቀኑ መስመር በዚያው ከሰዓት ከቀሪ ውስጥ ተነሣ። ሄራን ከሥራ ታገደች፤ አቶ መርዕድ ደብዳቤውን ራሳቸው አመጡላት፣ እጇን ሳይጨብጡም ሄዱ። ከንቲባው ጉዳዩ እየተጣራ ነው አሉ፤ ማን እያጣራ እንደሆነ አልተናገሩም። ንባቡን ግን መከልከል አልቻሉም፤ ሰዉ ወንበሩን ይዞ መጥቷልና።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄራን ቀድሞ በቆመችበት አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመች። ኢዮስያስ ጽሑፉን ግድግዳው ላይ በትልቁ አበራው፤ እህቱ ከፊት፣ ጎማ ባለው አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። አቶ ዘለቀ ከልጃቸው ርቀው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል።

«የመጀመሪያው መደብ ሰው ይባላል» አለች ሄራን። «ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወርሰው። አንደኛ መስመር፦ ሰው ስም አለው።»

ያስቆመ የለም። ኢዮስያስ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«ሁለተኛ መስመር፦ ሰው የተወለደበት ቀን አለው።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ እጁን አነሣ። የሲሚንቶ አቧራ ገና ከልብሱ አልለቀቀም። «እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም» አለ። «እናቴ ክረምት ነው ብላኛለች፤ በቃ። እኔን ምን ብላችሁ ጻፋችሁኝ?»

ሄራን ስሙን ጠየቀችው፤ በኢዮስያስ ማያ ላይ ፈለገች። «መስከረም አንድ ይላል።»

«መስከረም ክረምት ነው እንዴ?»

«ቀኑ ለማይታወቅ ሁሉ መስከረም አንድ ነው የተጻፈው። ባዶ ከሆነ ደንብ ስለማትሠራ።»

«ስንት ሰው ነው እንደዚህ?»

ቆጠረች። ስታየው ራሷም ደነገጠች። «ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ።»

አዳራሹ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። «እኔም መስከረም አንድ ነኝ» አለ አንዱ። «እኔም» አለች ሌላዋ።

«ማነው የመረጠልን?» አለ ጎልማሳው።

ሄራን ወደ ግድግዳው ዞር ብላ መስመሩን አየችው። ያን መስመር የጻፈችበት ቀን ትዝ አይላትም፤ አንድ ተራ ቀን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

አቶ ዘለቀ እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርሰው ጻፉ። እትዬ ሻሼ ነጠላቸውን አስተካከሉና በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«ቀጥዪ።»

ሄራን ወደ ሦስተኛው መስመር ወረደች። አፏን ሳትከፍት አራት እጅ ተነሣ።